ከመኪናው ሥር የተነጠፈው አንሶላ

ቆሻሻ እጸየፋለሁ። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ። ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ ሳላለቀልቅ አልጠጣም፤ የአውቶቡስ መያዣ በባዶ እጄ አልይዝም፤ በሥጋ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ትንፋሼን እውጣለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ «አንቺ እኮ ሳሙናውንም ታጥቢዋለሽ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ሲስቅብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ንጽሕናዬን እንደ ትልቅ ሙያ ነበር የምቆጥረው። ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ያ ንጽሕናዬ ነው። ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። በቀን ጥቂት መስመር እጽፍና እጄን ልታጠብ እነሣለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን ቦሌ ነበር፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ፣ ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ሦስት አራት ቤት ካለፈ በኋላ ሜዳና የጤፍ ማሳ በሚጀምርበት። ልጅ አልወለድንም። ባለቤቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ካርታ ይሠራ ነበር፤ የዓመቱን ግማሽ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ግማሹን ደግሞ አገር ለአገር እየዞረ። አንዲት ትንሽ ነጭ የጣሊያን መኪና ነበረችን። ከትዳራችን በዕድሜ ትበልጥ ነበር። ቤንዚን በኩፖን ስለነበረ ብዙ አትሄድም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ ውስጥ በሲሚንቶው ላይ ቆማ ትውላለች።

በዚያ ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ በቤታችን ሁለት ነገር መፍሰስ ጀመረ። አንዱ ከመኪናዋ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሥሯ በሲሚንቶው ላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ እድፍ አገኛለሁ። ሌላው ከባለቤቴ ነበር። አልጋውን ሳነጥፍ አንሶላው ላይ ትንሽ ጠቆር ያለ እድፍ አያለሁ። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ኋላ በሁለት ቀን አንዴ። ስጠይቀው ፊቱን አዞረ። ኪንታሮት ነው፣ አባቱንም እንዲህ ያደርገው ነበር፣ ይሄ ደግሞ ለሐኪም ሱሪ አውልቀው የሚያሳዩት ነገር አይደለም አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንዳላነሣው ለመነኝ። እኔም አላነሣሁትም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስለዚያ እድፍ ማውራት ራሱ ይዘገንነኝ ነበር። በማለዳ አንሶላውን ገፍፌ፣ በርሚል ውስጥ አፍልቼ፣ በበረኪና ነክሬ ነጭ አደርገዋለሁ። የመኪናዋንም እድፍ በአመድና በዱቄት ሳሙና ፈትጌ አስለቅቀዋለሁ። እሱ ግን ከሳምንት ሳምንት ይከሳ ነበር። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። የቢሮው ሥራ ነው አልኩ።

ሲሚንቶውን እንዳጥብ የሚያደርገኝ ጸባዬ ብቻ አልነበረም። የቀበሌያችን የጽዳት ኮሚቴ ደጃፍ ለደጃፍ ይዞር ነበር። የኮሚቴዋ ሴት ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ መዝገቧን ይዛ ትመጣለች፤ ከሰላምታ በፊት ዓይኗ መሬት ላይ ነው። አንድ ቀን እድፉን አይታ «ጓዲት፣ ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። ከመኪና ነው አልኳት። «መኪና ያለው ሰውማ ከሰው በላይ ማጽዳት አለበት» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይነጋ ነበር የምፈትገው። በሚቀጥለው ግምገማ የእኛ ግቢ በአርአያነት ተጠራ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

በኅዳር ውስጥ ለሥራ ወደ ናዝሬት እንዲወርድ ታዘዘ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ስለተበላሸ በራሱ መኪና እንዲሄድ ቤንዚን ተፈቀደለት። ከመሄዱ በፊት ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ አይቶ ወጣና፣ ትፈሳለች፣ ግን ከየት እንደሆነ ለመናገር የምታድርበትን መሬት ማየት አለብኝ አለው። ጋራዡ ውስጥ የሁሉም መኪና ፍሳሽ ስለተደባለቀ ምንም አይለይም። እንዲህ ሆኖ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መካኒኩ ቤታችን መጣ።

ሃምሳን ያለፈ፣ ከወሎ የመጣ፣ ቀጭን ሰው ነበር። ቱታው ከመቆሸሹ የተነሣ ቆዳ መስሏል። በሩን ስከፍት ሰላምታ ሊሰጠኝ ክንዱን ዘረጋ፤ እጁ ስለቆሸሸ ክንዱን እንድጨብጥ። ክንዱም ያው ነበር። ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላም አልኩት እንጂ አልነካሁትም። እሱ ግን አላስተዋለም፤ ወይም ለምዶታል። መኪናዋን ወደ ኋላ ገፋ አደረጋትና ሲሚንቶውን አየ። ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ማነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ። በየቀኑ ነው የማጥበው።» ይህን ስል ምስጋና እጠብቅ ነበር።

«በየቀኑ» አለ። «እትዬ፣ እኔ እኮ የመጣሁት እድፉን ለማየት ነው።»

ባለቤቴ ከት ብሎ ሳቀ። መካኒኩ በጀርባው ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ሲወጣ ጣቱ ላይ ጥቁር ነገር ነበር። በአውራ ጣቱ አሸው፣ አሸተተው፣ ከዚያ የምላሱን ጫፍ አስነካው። ምራቁን ጽጌረዳዬ ሥር ተፋና፣ የሞተር ዘይትና የፍሬን ዘይት ጣዕማቸው እንደሚለያይ አስረዳን። መኪናዋ ስትሮጥ ግን ነፋሱ ሁሉንም ወደ ኋላ ይነዛዋል፤ አቧራው ይለብሰዋል፤ ሆዷ በሙሉ አንድ ጥቁር ነገር ሆኗል። የፍሬን ዘይት ያለ ይመስለኛል፣ ነገር ግን አልምልም አለ። የሞተር ዘይት ብቻ ከሆነ ናዝሬት ደርሳ ትመለሳለች። ፍሬን ከሆነ ግን ከበር አትወጣም።

«አንድ ሌሊት ብቻ አይጠቡ» አለኝ። «ከሥሯ ነጭ ነገር ያንጥፉ። አራቱ ጎማ ያለበትን በከሰል ምልክት ያድርጉ፤ ሞተሩ በየት በኩል እንደሆነም ይጻፉ። ጠዋት ምንም ሳይነኩ ያምጡልኝ።»

አፉን ሊጉመጠመጥ ውሃ ጠየቀ። በብርጭቆ ሰጠሁት። ሲሄድ ብርጭቆውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጣልኩት።

ማታ ከመጨለሙ በፊት የሚነጠፍ ነገር ፍለጋ ጀመርኩ። ነጭ ወረቀት ብርቅ ነበር፤ ያለን ጋዜጣ ነው። አውጥቼ ስዘረጋው የፊተኛው ገጽ በሙሉ የሊቀመንበሩ ፎቶግራፍ ነው። ሌላውን ዘረጋሁ፤ እሱም ላይ አሉ። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር።

«እሳቸው ላይ ልታንጠባጥቢባቸው ነው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የኮሚቴዋ ሴት ነገ ማለዳ ብትመጣ እኔን ናዝሬት ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው የሚልኩኝ።»

እየሳቅን ጋዜጣውን አጣጥፈን ወደ ቦታው መለስነው። የውስጡ ገጽ ደግሞ ቀለሙ ጥቁር ስለሆነ ጥቁር ዘይት አያሳይም። ያኔ ነው አንሶላው ትዝ ያለኝ። ውሃ ከነጋ ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበረ፣ የዚያን ቀን ጠዋት የገፈፍኩት አንሶላ ሳይታጠብ በሳፋ ውስጥ ተቀምጧል። ንጹሕ አንሶላ መኪና ሥር ማንጠፍ አልችልም፤ እጄ እሺ አይለኝም። ያ ግን አንዴ ቆሽሿል። አብሬ አፈላዋለሁ ብዬ አሰብኩ። እድፉ ያለበትን ፊት ወደ ሲሚንቶው ገለበጥኩት፤ ከላይ ነጭ መሰለ። መኪናዋን እየገፋን ከላዩ አቆምናት፤ በከሰል አራቱን ጎማ ምልክት አደረግሁ። ባለቤቴ ሲገፋ ትንሽ ደክሞት መሪዋ ላይ ተደገፈ። የትኛው አንሶላ እንደሆነ አላየም።

ጠዋት በሁለት ጣቴ ጎትቼ፣ ፊቴን አዙሬ፣ ጠቅልዬ ዘንቢል ውስጥ ከተትኩት። ባለቤቴ በአውቶቡስ ወደ ሥራው ሄደ፤ እኔ በእግሬ ወደ ጋራዡ። ዛሬ ኢምፔሪያል የሚባለው መጋጠሚያ ያለበት አካባቢ ያኔ ሜዳ ነበር፤ ጋራዡ ከዚያ ወደ ገርጂ ሲሄዱ ነበር። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። መሬቱ አፈር መሆኑ ቀርቶ ጥቁር ሊጥ ሆኗል፤ ጫማዬ ይጣበቃል። አንድ ውሻ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ከተንሳፈፈበት ኩሬ ይጠጣል። መካኒኩ በርሚል ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ ይበላ ነበር፤ ዳቦው ላይ የጣቶቹ ምልክት አምስቱም ታትመዋል። «ቢስሚላህ» ብሎ ቆረሰልኝ። ቁርስ በልቻለሁ አልኩ። አልበላሁም ነበር።

አንሶላውን ተቀብሎ የአንድ አሮጌ መኪና ኮፈን ላይ ዘረጋው። ሞተሩ በየት በኩል እንደሆነ የጻፍኩትን አየና አዙሮ አስተካከለው። ከዚያ እንደ ደብዳቤ ያነበው ጀመር። ቀስ ብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ። ከፊት መሐል ላይ ክብ፣ ጥቁር፣ ዳሩ የደረቀ እድፍ ነበር። ይሄ የሞተር ዘይት ነው፣ ዕድሜዋ ነው፣ ሽማግሌ ሲያስል እንደሚተፋው ይቁጠሩት አለኝ። ከፊት በግራ በኩል ዝገት የመሰለ ቀለበት ነበር፤ ከራዲያተሩ የወረደ ውሃ ነው፣ ይሄም አያስፈራም። ከኋላ፣ በቀኝ ጎማው ምልክት ከውስጥ በኩል ግን አንዲት ቢጫ እርጥብ ነገር ነበረች፤ ከሁሉ ታንሳለች፣ እኔ ጭራሽ አላየኋትም። አሸተታት።

«ይቺ ናት» አለ። «ፍሬን።»

አልገባኝም አልኩት፤ ትልቁ እድፍ እያለ ትንሿ ለምን ታስፈራዋለች? እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ፍሬን ሲረገጥ እግር አይደለም መኪናዋን የሚያቆመው፤ እግሩ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ጎማውን ያስይዛል። ዘይቱ ሲጎድል ቦታውን አየር ይተካል። አየር ደግሞ ሲገፉት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ያኔ ፔዳሉ ይሰምጣል። ነጂው ሁለተኛ ሲረግጥ ይይዝለታል። ስለዚህ ሁለቴ መርገጥ ይለምዳል። ሳያውቀው ነው የሚለምደው።

«የእርስዎ ሰው ሁለቴ ይረግጣሉ?» አለኝ።

ይረግጣል። ከጎኑ ስቀመጥ እግሩ ሁለቴ ሲወርድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የመኪናዋ ጠባይ ነው ብሎኝ ነበር። ግን እኮ ትቆማለች አልኩት ለመካኒኩ።

«ትቆማለች። ለምደዋት ነው እንጂ ደህና ሆና አይደለም።»

ከዚያ የቱ ከላይ እንደተንጠባጠበ፣ የቱ እንደሰረገ ለማየት አንሶላውን ገለበጠው። ልከለክለው እጄን ስዘረጋ ዘግይቼ ነበር። ያ እድፍ መሐል ላይ ነበር፤ ከጎማዎቹም ከሞተሩም የማይገናኝ። ጎንበስ ብሎ አየው። አሸተተው። እኔ ሞቼ ነበር። የሚቀጥለውን እንዳያደርግ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አንሶላውን አጥፎ፣ ያንን ክፍል ከውስጥ አድርጎ ሸፍኖት ነበር። ወዲያ በኩል ጎማ የሚፈታውን ሰው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄኛው ከመኪናው አይደለም።»

እንዲመልስልኝ ዘንቢሉን ከፍቼ ያዝኩለት።

«ቀይ ቢሆን ከቅርብ ነው ብዬ ዝም እል ነበር» አለ። «ይሄ ጥቁር ነው፤ ሬንጅ ነው የሚመስለው። ጥቁር ከሩቅ፣ ከውስጥ ነው የሚመጣ።»

ፊቴ እሳት ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ እፍረቴም ወዲያው ቁጣ ሆነ። «እኔ የጠየቅሁዎት ስለ መኪናው ነው» አልኩት።

«እሱንስ ነገርኩዎት» አለ። ጠቅልሎ ዘንቢሉ ውስጥ ከተተልኝ። «እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይሄን አይጠቡት፤ እንዲህ እንዳለ ለሐኪም ያሳዩት። አብሽሩ፣ አይዞዎት።»

ሜዳውን ሳቋርጥ እየተሳደብኩ ነበር። የባሌን ገመና በዚያ ጣት፣ በዚያ አፍንጫ! አንሶላው ዘንቢል ውስጥ ሆኖ ይሸተኝ ነበር፤ የዘይቱም የእሱም ሽታ ተደባልቆ። እንደደረስኩ አቃጥለዋለሁ አልኩ። ቤት ስደርስ ውሃ መጥቷል፤ ከፍቼ የሄድኩት ቧንቧ ይንዶለዶላል። ሳፋውን ከሥሩ አደረግሁ፣ ሳሙናውን ያዝኩ፣ አንሶላውን አወጣሁ። የዚያን እድፍ ጠርዝ ውሃው ሊነካው አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር።

ለምደዋት ነው እንጂ ደህና ሆና አይደለም። ይህ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ባለቤቴ የበረንዳውን አምስት ደረጃ ሲወጣ ሦስተኛው ላይ ቆም ይላል፤ ከመቼ ጀምሮ ነው? ምሳውን ግማሽ በልቶ ያስቀምጥና ከሰዓት በኋላ ግማሹን ይጨርሳል፤ ከመቼ ጀምሮ ነው? ሸሚዙን ሲያጠልቅ አልጋው ላይ ይቀመጣል። እኔ ይህን ሁሉ አይቻለሁ። በየማለዳው እድፉን አስለቅቄ፣ ቤቴን በአርአያነት አስጠርቼ፣ ደህና ነው ብዬ ኖሬያለሁ። ራሴን ያኔ ነው የተጸየፍኩት። እጄን አየሁት፤ በሳሙና የተላጠ፣ ንጹሕ፣ የሚያስጠላ እጅ።

ባለቤቴ ለምሳ ሲገባ ሳፋው ሞልቶ በሲሚንቶው ላይ ይፈሳል፤ እኔ ደረቁን አንሶላ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዱካ ላይ ተቀምጫለሁ። ሄዶ ቧንቧውን ዘጋ። ውሃ በሚጠፋበት ዘመን እንዲህ ይባክናል ብሎ ሊቆጣ ሲል አንሶላውን አየ። ነገርኩት። ፍሬኑን ነገርኩት፣ ሌላውንም ነገርኩት።

«ለመካኒክ አሳየሽኝ?» አለ።

«ሳላውቅ ነው።»

«ከመኪናው ጋር አብረሽ አስመረመርሽኝ።»

የተናገረው እንደ ቀልድ ነበር፤ ግን አልሳቀም። ለሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን መካኒኩ መጥቶ የኋላውን ጎማ ፈታ። ዘይቱን የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት ተበልቶ ነበር፤ አዲስ ዕቃ ስለማይገባ ከሞተች መኪና ያወጣውን አመጣና ገጠመው። ለእኔም ለባለቤቴም ስለሌላው ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ውሃ ሲጠይቀኝ ሰጠሁት፤ ብርጭቆውንም አልጣልኩም። ግን ሁለቴ አጥቤዋለሁ፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ናዝሬት ሌላ ሰው ሄደ። ባለቤቴ ሰኞ ጠዋት ኮቱን ለብሶ «ነይ እንሂድ» አለኝ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ዘንቢሉን አነሣሁ። ራሱ ነበር የነዳው። ከበሩ ወጥተን የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍሬኑን አንዴ ረገጠ። «ያዘ» አለ፤ ሆስፒታሉ እስክንደርስ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ነጭ ጋውኑ በደንብ የተተኮሰ። አንሶላውን ስዘረጋለት ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። በእስክሪብቶው ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየና፣ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መምጣት አያስፈልግም ነበር አለኝ። አፍንጫው ሲሸበሸብ አየሁት። ያንን ሽብሽብታ አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው። ከዚያ ግን ባለቤቴን አስተኝቶ ሆዱን ሲጫን ፊቱ ተለወጠ። ይህ ስንት ጊዜው ነው ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴ እኔን አየ። ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ነው አልኩ። እስከዛሬ ምን ትሠሩ ነበር አለን። አጥብ ነበር አልኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም።

ዕጢው ጨጓራው ውስጥ ነበር፤ ከሩቅ፣ ከውስጥ። ከፍተው አይተው መልሰው ዘጉት። ከፋሲካ በፊት ሞተ።

አንሶላውን አላጠብኩትም። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም፤ ለራሴም በደንብ አልነገርኩም። ከሆስፒታል እንደተመለስን አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከንጹሖቹ ሥር አስቀመጥኩት። በለቅሶው መካኒኩ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን በቤንዚንና በአሸዋ ፈትጎ አስቀልቶት ድንኳኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሲሄድ ክንዱን ዘረጋልኝ፤ እጁን ያዝኩት። እንዳሉኝ ሳላጥብ ለሐኪም አሳየሁት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

በሣልስቱ ማግስት የሠፈሩ ሴቶች ቤቱን ሊያጸዱልኝ ገቡ። እኔን ፍራሹ ላይ አስቀምጠው፣ እንዳልነሣ ተቆጥተው፣ ያለውን ጨርቅ ሁሉ አወጡ። የኮሚቴዋ ሴትም ነበረች፤ መዝገቧን ትታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እንባዋ እየወረደ ታጥብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ስወጣ አንሶላው ገመዱ ላይ ነበር። የከሰሉ ምልክት የለም። ዘይቱ የለም። መሐሉም ነጭ ነበር።

«እንዴት ያለ እድፍ ነበር እባክሽ!» አለችኝ የኮሚቴዋ ሴት። «ሦስት ጊዜ ፈትጌ ነው የለቀቀልኝ።»

እግዜር ይስጥልኝ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ። እኔም ብሆን ያው ነበር የማደርገው።